እግሬን ባነሳም አይቆም፦ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ

ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ መዳፌ ላይ ያስቀመጠው ገና ከአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ሳንወጣ ነው። «እኔ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ነኝ፤ አባዬን የፈለገው ቦታ ውሰጂው» አለኝ። ከአዲስ አበባ ያመጣን በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ጃኬታችንን እንኳ አላወለቅንም። የሚያዝያ ሙቀት ፊታችን ላይ ሲያርፍ የስድስት ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ምድጃ የተከፈተ ይመስላል» አለች። አባዬ ሙቀቱንም ሻንጣውንም ረስቶ መኪናውን ይዞራል። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፤ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አጮለቀና «ፍሪሲዮን የለውም እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

የለውም። መኪናው እ.ኤ.አ. የ2015 ሞዴል ቶዮታ ራቭፎር ነው፤ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ። እኔ መንዳት የተማርኩትም፣ ላለፉት ሰባት ዓመታት ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ትምህርት ቤት የተመላለስኩትም በማንዋል ነው። ካርቡሬተር ያላት፣ ሁሉም ሰው «ዲኤክስ» የሚላት አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። አውቶማቲክ ቀላል ነው ሲባል ስለኖርኩ ብዙም አላሰብኩበትም። ሁለት እግር የሚሠራውን አንድ እግር ይሠራዋል፣ በቃ። ብዙዎቻችሁም ይህን ስታነቡ «አውቶማቲክ መንዳት ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ እንደዚያው ነበር የምለው።

ወደ አሶሳ የመጣነው ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። አባዬ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰው እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ባሰፈረበት ወቅት፣ ፊያት ኤንትሬ እየነዳ ሦስት ጊዜ አሶሳ ደርሷል። በዚያ ዘመቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተነስቷል፤ ከፊሉ በአውሮፕላን፣ ከፊሉ በአውቶቡስ፣ ከፊሉ በጭነት መኪና። ወዶ የሄደም፣ ሳይጠየቅ የተጫነም ነበር። አባዬ ስለዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ አያወራም። ወንድሜ ለሥራ አሶሳ ከተመደበ ወዲህ ግን «አንድ ቀን እሄዳለሁ» ማለት ጀመረ። እሱ «አንድ ቀን» ሲል እኛ ዕድሜውን ቆጠርንና ለፋሲካ ዕረፍት ቲኬት ቆረጥን። በየብስ ቢሆን ይመርጥ ነበር። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደውን መንገድ ግን ልጅ ይዘን፣ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ፣ አልደፈርነውም።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚያው በር ላይ ነው። ለጥበቃው ልቆም ስል ግራ እግሬ እንደ ልማዱ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄደና ሰፊውን የፍሬን ፔዳል በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። የአባዬ መነጽር ከአፍንጫው ወርዶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ጥበቃው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፍሬኑን ለቀቅ ሳደርግ፣ ምንም ነዳጅ ሳልሰጠው፣ መኪናው በራሱ መራመድ ጀመረ። አውቶማቲክ ላይ በሞተሩና በማርሹ መካከል ያለው እንደ ፍሪሲዮን የሚነካካና የሚላቀቅ ሳህን ብቻ አይደለም፤ ኃይሉን በዘይት ሽክርክሪት የሚያስተላልፍ ክፍል አለ። ሞተሩ እስከተነሳና ማርሹ «ዲ» ላይ እስካለ ድረስ ዘይቱ ጎማውን ቀስ እያለ ይገፋዋል። ስለዚህ አውቶማቲክ መኪና መሄድ ሲገባው የሚሄድ፣ መቆም ሲገባው የሚቆም ነገር አይደለም። በነገርኩት ሳይሆን በራሱ ሐሳብ የሚንቀሳቀስባቸው ጊዜያት አሉት። ይህን ያን ዕለት በደንብ ብይዘው ኖሮ የማግስቱ ነገር ባልደረሰ።

ከሰዓት በኋላውን ከተማ ውስጥ ስንለማመድ ዋልን። አሶሳ ለመለማመድ የተመቸች ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ረጋ ብላ የተቀመጠች፣ ባጃጅ የበዛባት፣ የአዲስ አበባ ዓይነት ጥድፊያ የሌለባት ከተማ። ያለንበት ወቅት የማንጎ ስለሆነ በየመንገዱ ዳር ማንጎ ተከምሯል፤ ልጄ ሦስተኛውን በልታ አራተኛውን ስትጠይቅ ቁጥሩን ተውኩት። ገበያው ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ የበርታ ቋንቋና አረብኛ በአንድ መደብ ላይ ይደባለቃሉ። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ሱዳን ቅርብ እንደሆነች ከሻዩም ከሽቶውም ይታወቃል። ምሳችን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ነበር፤ ለባሚያ አዲስ የሆነ ሰው የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ትንሽ ይደነግጣል፣ ከሦስተኛው በኋላ ግን ወሬ ያቆማል።

እዚያው ሳለን ወንድሜ አንድ ነገር ነገረን፣ ለአዲስ አበባ ልጆች ይጠቅማል። በታክሲ ረዳት ድምፅ ሺህ ጊዜ የሰማነው «ሸጎሌ» ስሙን ያገኘው የዚህ አገር ገዥ ከነበሩት ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። ሼህ ሆጀሌ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ነበራቸው፤ ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ፣ አፍ ደግሞ ስሙን ጠረበው። እኔ ሸጎሌን ለዓመታት በመኪና አልፌበታለሁ፤ ወደ አሶሳ እየጠቆመኝ እንደነበር አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ባምባሲ ወጣን። አባዬ መጀመሪያ ማየት የፈለገው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ ከመንዲ ተነስቶ፣ ዳቡስን ተሻግሮ፣ በባምባሲ በኩል ነበር አሶሳ የሚገባው። ከአሶሳ ባምባሲ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የዓባይ በረሃ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለውን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥምዝምዝ የወረደ ሰው ሞተር ይዞ መውረድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገደሉ ራሱ ያስተምረዋል፣ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ሽታው ይነግረዋል። የአሶሳ አገር ግን እንደዚያ አያስፈራራም። መሬቱ እንደ ተነጠፈ ጋቢ እጥፋት ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በቀኝም በግራም ሽመል፣ በበጋው እሳት የጠቆረ ሣር፣ በጥቁሩ መሐል በመጀመሪያው ዝናብ ብቅ ያለ አረንጓዴ። ቁልቁለቱ ቁልቁለት አይመስልም። አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው።

ልማዴን ልንገራችሁ። ኮሮላዬ በሦስተኛ ማርሽ እየሄደች እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ልጓሟ የተሳበ በቅሎ ትመስላለች፤ ወዲያው ትይዛለች፣ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ትቀንሳለች። በሰባት ዓመት ውስጥ እግር ማንሳት ለእኔ ግማሽ ፍሬን ሆኗል። ከፊቴ ሰው ካየሁ መጀመሪያ እግሬን አነሳለሁ፣ ፍሬን የምይዘው ያ ካልበቃ ነው። ይህን አስቤው አላውቅም፤ እግሬ ነው የሚያውቀው።

ራቭፎሩ ላይ የመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ሲመጣ እግሬን አነሳሁ፤ ምንም አልሆነም። ፍጥነት መቁጠሪያው 70 ላይ ነበር። 72 ሆነ፣ 75 ሆነ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኪናው መንደርደር ያዘ። ነገሩ ብልሽት አይደለም። የዘመኑ አውቶማቲክ ነዳጅ እንዲቆጥብ የተሠራ ስለሆነ፣ እግር ሲነሳና መንገዱ ሲቀል በከፍተኛው ማርሽ ላይ ይቆያል። በስድስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 ዙር በታች ይዞራል፤ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ደግሞ ጎማውን ወደኋላ የሚይዝበት ጉልበት እምብዛም የለውም። በሜዳ ላይ ምቾት ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ኮሮላዬ የምትሰጠኝ ግማሽ ፍሬን የለም፣ እኔ ደግሞ አለ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

አባዬ መጎተቱ አለመኖሩን ከመቀመጫው ሆኖ ቀድሞኝ ተረድቶታል፤ የተረዳው ግን በሌላ መንገድ ነው። ደስ አለው። «መኪናው ራሱ መለቀቅ ይፈልጋል» አለኝ። «ቁልቁለት ነው እኮ ልጄ፣ ለምን ነዳጅ ታቃጥያለሽ? ፎሌ አድርጊው።»

ፎሌ ዜሮ ማርሽ ነው። እንደ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ጎማ ሁሉ ከጣሊያኖቹ የቀረ የሾፌር ቃል ነው፤ ቃሉ በጣሊያንኛ «እብድ» ማለትም እንደሆነ ያወቅኩት ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው። አባዬ እና ጓደኞቹ የሚኮሩበት ሙያ ነበር፤ የትኛው ጉብታ ላይ ተለቅቆ የትኛው ድልድይ ድረስ ያለ ነዳጅ እንደሚደረስ በቃላቸው ያውቁታል። በዚህ የነዳጅ ዋጋ ደግሞ እኔም ነገሩን አልጠላሁትም። ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «ኤን» ገፋሁት።

ሞተሩ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። የንፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጄ ከኋላ «ዋው፣ እየበረርን ነው!» አለች። 80፣ 84። ከጉብታው ጀርባ ትንሽ መታጠፊያ አለ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ፍየሎች። ከፍየሎቹ ኋላ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሁለት ሕፃናት፤ አንዷ መንገዱን ግማሽ ተሻግራለች።

እግሬን አነሳሁ። እግሬ ግን ነዳጅ መስጫው ላይ አልነበረም፤ የሚነሳ ነገር አልነበረም። ያቺ የጠፋች ግማሽ ሰከንድ እስካሁን ትመጣብኛለች። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑን የረገጥኩት፤ መኪናው ጮኸ፣ የልጄ ቀበቶ ትከሻዋ ላይ ተጠበቀ፣ ከኋላ ያስቀመጥነው ማንጎ ሁሉ ወደፊት ተንከባለለ። የቆምነው ከመጨረሻዋ ፍየል አራት እርምጃ ያህል ርቀን ነው። ልጅቷ ጀሪካኗን ጥላ ሮጣ ነበር። ተመልሳ አነሳችው፣ ውኃው ፈስሷል፣ አየችን፣ ሄደች። ወርጄ ይቅርታ ልጠይቃት በሩን ስከፍት ከወንድሟ ጋር ሽመሉ ውስጥ ገብተዋል።

ለረጅም ጊዜ ዳር ይዘን ቆምን። አባዬ ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ከመቀመጫ ሥር እየለቀመ ወደ ከረጢቱ መለሰ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ወንድሜን ደወልኩለት። «እትዬ፣ ‹ኤን› ላይ ነበርሽ?» አለ። ዝም አልኩ። «ከ‹ዲ› ወደ ግራ ግፊው፤ ‹ኤስ› የሚል አለ። ቁልቁለት ከመጀመርሽ በፊት፣ ላይ ሳለሽ። ከዚያ በመቀነስ ምልክቱ አንድ አንድ እያልሽ አውርጂ።»

ሞከርኩት። «ኤስ» ላይ ስገፋው ማርሹ ወደ አራተኛ ወረደ፤ የሞተሩ ዙር ወደ 3,000 ተጠጋ፣ ድምፁ ከፍ አለ። እግሬን ሳነሳ ኮሮላዬን አገኘኋት። ልጓሙ ተሳበ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ነገር በዚያ ጉዞ አልነበረም ብል ማጋነን አይደለም።

የነዳጁን ነገር ቤት ገብቼ በደንብ አነበብኩት፤ የአባዬ እምነት የብዙዎቻችንም እምነት ስለሆነ ላካፍላችሁ። በዛሬው ኢንጄክሽን መኪና ማርሽ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ስታነሱ፣ ኮምፒዩተሩ የነዳጅ መርጫውን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ ሳይሆን ጎማው ነው፤ በዚያች ሰዓት ፍጆታችሁ ዜሮ ነው። «ኤን» ላይ ግን ሞተሩ ከጎማው ተለያይቷል፤ እንዳይጠፋ መብላት አለበት፣ በሰዓት አንድ ሊትር የማይሞላም ቢሆን ይበላል። አባዬ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት ግን አይደለም። የተለቀቀ መኪና ሞተሩን ስለማይጎትት ረጅም ርቀት ይሄዳል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱ የለዘበና ከፊት ማንም የሌለበት ከሆነ ሒሳቡ ሊያተርፍ ይችላል። እንዲያውም አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች፣ ቮልስዋገንና መርሴዲስን የመሳሰሉት፣ ይህንኑ የሚያደርግ ሥርዓት ተገጥሞላቸዋል። ልዩነቱ እዚያ የሚለቀው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ፍሬን በተነካ ቅጽበትም መልሶ ያገናኘዋል። በእጅ «ኤን» ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የመኪና አምራቾች መመሪያ እየነዱ «ኤን» ማድረግን የሚከለክለው ለዚህ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ መውረድ በሕግ የተከለከለ ነው። የሚተርፈው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ መኪናውን በሁለት ነገር መያዝ ነው። በሞተር የሚያዘው ሲቀር ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል፣ በጣም ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል።

መኪናችሁ «ኤስ» ላይኖረው ይችላል። አንዳንዱ «ኤል» ይለዋል፣ አንዳንዱ «2»፣ ሃይብሪዶቹ «ቢ»። ከቤተሰብ ጋር ወደ ክፍለ ሀገር ከመውጣታችሁ በፊት ፊደሏን ፈልጓት፤ በእኔ ግምት ብዙዎቻችን መኪናውን ገዝተን እስክንሸጠው ድረስ አንነካትም።

ደግሞ ይህ ለውጥ በቅርቡ የሁላችንም ጉዳይ ይሆናል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በየቤቱ ደጅ መታየት ጀምሯል። የሥራ ባልደረባዬ አንዱን ገዝታለች፤ የእሷ ችግር የእኔ ተቃራኒ ነው። እግሯን ስታነሳ መኪናው ፍሬን የተያዘ ያህል ይጎተታል፤ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የመንገዱን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። መጀመሪያ ሳምንት ልጆቿን ሁሉ አስመለሳቸው። በሌላ በኩል ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው መጎተቱ ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ላይ ይህን ሳያውቁ መገኘት ጥሩ አይደለም። ይህን ሳስብ እዚሁ ክልል ውስጥ፣ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ትዝ ይለኛል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከዚሁ ነገር ነው፤ የሚወርድን ነገር ዝም ብሎ ባለመልቀቅ።

ወደ ባምባሲ መንገዳችን እንመለስ። አባዬ ከዋናው መንገድ ወደ አንዱ የሠፋሪዎች መንደር እንድንገባ ጠየቀ። በአሶሳ ዙሪያ ያሉት እነዚህ መንደሮች ብዙዎቹ ዛሬም በተሰጣቸው ቁጥር ይጠራሉ፤ አምባ 14፣ ሰልጋ 24 እየተባለ። ቁጥሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መንደሩ ግን አይደለም። ማንጎው ጥላ ሠርቷል፣ ግቢዎቹ በሽመል ታጥረዋል፣ የሰዎቹ አማርኛ አሁንም ወሎ ነው። መንገድ የጠየቅናቸው እማማ «አብሽሩ፣ ግቡ» ብለው ሳናስበው ቡና ላይ አስቀመጡን። ዝንጅብል የገባበት ቡና ነበር።

አባዬ ማን እንደሆነ አልተናገረም። «መቼ መጡ?» ብቻ አላቸው።

«በሰባ ሰባት ነዋ። አንድ ልጅ በጀርባዬ፣ አንድ በእጄ» አሉ። በጭነት መኪና ነው የመጡት። ስንት ቀን እንደፈጀ አሁን አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱት አቧራውን፣ ብርዱንና ቁልቁለቱን ነው። «ዳገት ሲሆን ሞተሩ ያጓራል፣ ያኔ እንተኛለን። ቁልቁለት ላይ ግን ድምፁ ጥፍት ይላል። ድምፁ ሲጠፋ መኪናው ተለቀቀ ማለት ነው። ማንም ሳይናገር ሁላችን ልጆቻችንን እንይዛለን። ከዚያ የጎማ መቃጠል የሚመስል ሽታ ይመጣል። ሾፌሩ እዚያ ፊት ለፊት ነው፣ እኛን አያየን።» ሲኒውን ተቀበሉና ደግመው ቀዱለት። «አላህ ይመስገን፣ ደረስን። ያልደረሰም አለ።»

አባዬ ሁለተኛውን ሲኒ ጠጣ፣ ሦስተኛውንም ጠጣ። ከወትሮው አንድ ብቻ ነው የሚጠጣው። ስንነሳ የእማማን እጅ ሁለት ጊዜ ሳመ። ልጄ ከረጢቱን ከፍታ የተጋጋጡትን ማንጎዎች ልትሰጣቸው ስትል ሳቁ፤ «ማንጎ ለእኔ?» አሉና ከጓሯቸው ሌላ ከረጢት ሞልተው ሰጡን።

ወደ አሶሳ ስንመለስ ለብዙ ኪሎ ሜትር አላወራንም። ከዚያ ራሱ ጀመረ። ነዳጅ በራሽን ነበር አለ። የምትተርፈውን ይሸጧት ነበር፤ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ታናናሾቹ ነበሩ። «በእያንዳንዱ ቁልቁለት እለቅ ነበር» አለ። «ከኋላ ስንት ሰው እንደጫንኩ አውቃለሁ፤ ወረቀት ላይ ፈርሜ ነው የምረከበው። ግን ከኋላ ያለ ሰው ይሰማዋል ብዬ አላሰብኩም።» አንድ ጊዜ ፍሬኑ እንዳልያዘለት፣ መኪናውን ዳገት አግኝቶ እስኪቆም ድረስ መሪ ብቻ ይዞ እንደወረደ ነገረኝ። ሰው አልተጎዳም። ይህን ለእናቴም ነግሯት አያውቅም። እኔ ምን እንደምመልስ አላወቅኩም፤ መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

ጠዋት ፍየሎቹን ያገኘንበት ቁልቁለት አሁን ዳገት ሆኖ አለፈን። ከእሱ በኋላ ሌላ ጉብታ አለ፤ ከላዩ ላይ ሆኖ አስፋልቱ ቀጥ ብሎ እስከ ታችኛው ሽመል ድረስ ይታያል፣ ማንም የለበትም። በአባዬ ሒሳብ ለፎሌ የተፈጠረ ቁልቁለት ነው። እጄ ገና ማርሹ ላይ ሳይደርስ «ወደ ግራ ግፊው» አለኝ።

ገፋሁት። ሞተሩ አጓራ።

«አባባ፣ ለምን ይጮኻል?» አለች ልጄ ከኋላ።

«ይዞን ነው የኔ እናት» አላት።

ታች ስንደርስ መንገዱ ዳር እንድቆም ጠየቀኝ። ቀበቶውን ፈታና «እስቲ እኔም አንዴ ልውረደው፤ ወደ ላይ መልሰሽ አድርሺኝ» አለ። አዞርኩና ጉብታው ላይ ወጥቼ መሪውን ሰጠሁት፤ ግራ እግሩን ከመቀመጫው ሥር አጥፎ እንዲያስቀምጠው ሁለት ጊዜ ነገርኩት።